የሠራሁት የዩቪ ሳጥን መሃሉን ይበላል፣ ጠርዙን ይተዋል፤ ምን ላስተካክል?

መዳብ_ወዳጅ (አዳማ) | ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የጫጩት መፈልፈያ ማሽን የሙቀትና የእርጥበት መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ለዶሮ አርቢዎች አቀርባለሁ። እስካሁን የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን (የመዳብ መስመር ያለውን) የማወጣው በቶነርና በካውያ ነበር፤ በሌዘር ፕሪንተር ያተምኩትን ሥዕል በልብስ ካውያ መዳቡ ላይ እየለጠፍኩ። መስመሩ ከግማሽ ሚሊሜትር ሲቀጥን ግን ካውያው አይታመንም። በአንዱ ጥግ ጥሩ ይለጠፍና በሌላው ይላጣል፤ እኔም በማርከር ስጠጋግን አመሻለሁ። አዲሱ ዲዛይኔ ላይ እግሮቹ በጣም የተጠጋጉ ቺፕ ስላለ በዚያ መንገድ መቀጠል አልቻልኩም። ስለዚህ ብርሃን የሚነካው ቅብ ያለበትን ቦርድ፣ ፖዘቲቭ የሚባለውን (ብርሃን ያገኘው ቦታ የሚታጠብለትን)፣ አሥር ፍሬ በዘመድ ሻንጣ አስመጣሁ። መጠኑ 10 በ15 ሴንቲሜትር ነው።

የብርሃን ሳጥኑን በኮምፔንሳቶ ራሴ ሠራሁት። 60 ባለ 5 ሚሊሜትር የዩቪ (አልትራቫዮሌት) ኤልኢዲ፣ ሻጩ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት 395 ናኖሜትር ነው ያለኝ፣ 6 በ10 አድርጌ በ2 ሴንቲሜትር ርቀት ደረደርኩ። ሦስት ሦስቱን በተከታታይ አገናኝቼ ለእያንዳንዱ መስመር 120 ኦም ሬዚስተር ሰጥቼ በ12 ቮልት አዳፕተር አስነሳሁት። ከኤልኢዲው ጫፍ እስከ መስታወቱ 4 ሴንቲሜትር ነው። ብርሃን እንዳይረብሽ ብዬ የሳጥኑን ውስጥ ጥቁር ቀባሁት።

የመስመሮቹን ሥዕል በግልጽ ፕላስቲክ (ትራንስፓረንሲ ወይም ፊልም) ላይ አትሜ በቦርዱ ላይ አድርጌ፣ አራት ደቂቃ ብርሃን ሰጥቼ፣ በሶዳ አጥቤ፣ መዳብ በሚበላው ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ስከተው ውጤቱ ልብ ይሰብራል። መሃል ላይ መስመሮቹ ክብ ክብ በሆነ ቦታ እየተበሉ ይበጠሳሉ። ጠርዝ ላይ ደግሞ ቅቡ አልለቅም ብሎ መዳቡ ሳይበላ ይቀራል። ሦስት ቦርድ አበላሸሁ፣ ሰባት ቀረኝ። ኤልኢዲ ልጨምር ወይስ ከበድ ያለ መብራት ልፈልግ?


ባትሪ12 (አዲስ አበባ) | ሰኞ ማታ 3፡05

ወንድሜ ኤልኢዲውን ተወው። የጄል ጥፍር ማድረቂያ መብራት ግዛ፣ የውበት ሳሎን ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሁሉ አላቸው። እኔ በዚያ ነው የምሠራው። ሁለት ደቂቃ ብቻ።


ከሜሪላንድ | ሰኞ ማታ 4፡30

ባትሪ12 ያለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። የድሮው ዓይነት፣ አራት ባለ 9 ዋት ቱቦ ያለውና በድምሩ 36 ዋት የሚባለው፣ በእርግጥም ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ቱቦዎቹ ወደ 365 ናኖሜትር የሚጠጋ ብርሃን ይሰጣሉ። ችግሩ ቅርጹ ላይ ነው። ለእጅ ስለተሠራ ቱቦዎቹ ከላይም ከጎንም ይከቡታል። ከጎን የሚመጣው ብርሃን በፊልሙና በቅቡ መካከል ሰርጎ እየገባ መስመሩን ከሥር ያቀጥነዋል። ወፍራም መስመር ከሆነ አታስተውለውም፤ 0.2 ሚሊሜትር ላይ ግን ይለይልሃል።

እኔ ፈትቼ አራቱንም ቱቦ ከነባላስታቸው በአንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አሰለፍኳቸው። ከዚያ ወዲህ አላስቸገረኝም። ቱቦዎቹ እንደተቀጣጠሉ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብርሃናቸው ስለማይረጋ ትንሽ አሙቃቸውና ቦርዱን ከዚያ አስቀምጥ።

አዲሱ የኤልኢዲ ጥፍር መብራት ላይ የተጻፈውን ዋት አትመነው። ከግድግዳ የሚወስደውን ስትለካው ብዙ ጊዜ ከተጻፈው በጣም ያነሰ ነው።


ሐና_ላብ (ባሕር ዳር) | ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

መዳብ_ወዳጅ፣ አዲስ መብራት ከመግዛትህ በፊት ሁለት ጥያቄ ልጠይቅህ። ኤልኢዲዎቹ ብርሃናቸውን በስንት ዲግሪ ነው የሚበትኑት? ሁለተኛ፣ ሶዳውን በስንት ውሃ ስንት አድርገህ ነው የበጠበጥከው? በእኔ ግምት አንድ ሳይሆን ሁለት ጥፋት ነው ያለው፤ ተደራርበው እያሳሳቱህ ነው።


መዳብ_ወዳጅ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡50

እህቴ ሐና አመሰግናለሁ። ኤልኢዲው ሲሸጥልኝ 30 ዲግሪ ነው የተባለው። ሶዳው ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚገዙት ኮስቲክ ሶዳ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ በግማሽ ሊትር ውሃ አደረግኩ። ቦርዱ ሲገባ ቅቡ ወዲያው ጭስ እየሆነ ይወርዳል።


ሐና_ላብ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡40

እንደጠረጠርኩት ነው። ከሶዳው ልጀምር።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ኮስቲክ ሶዳ 15 ግራም ይሆናል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። በግማሽ ሊትር ሲሆን በሊትር 30 ግራም መሆኑ ነው። ለፖዘቲቭ ቅብ የሚፈለገው በሊትር ከ7 እስከ 10 ግራም ነው፣ ውሃው ለብ ሳይል በክፍል ሙቀት። አንተ ሦስት እጥፍ አድርገኸዋል። ነገሩ እንዲገባህ ቅቡ ውስጥ ምን እንደሚሆን ላስረዳ። በቅቡ ውስጥ ዲያዞናፍቶኪኖን የሚባል ውሁድ አለ። ብርሃን ሲያገኘው ወደ አሲድ ይለወጣል፣ አሲዱም በሶዳ ውሃ ይሟሟል። ብርሃን ያላገኘው ይቋቋማል፤ መቋቋሙ ግን ልክ አለው። ሶዳው ሲበረታ የተፈቀደውንም ያልተፈቀደውንም ጠራርጎ ይወስዳል። «ጭስ እየሆነ ይወርዳል» ያልከው ያንን ነው። በልኩ የተበጠበጠ ሶዳ ውስጥ መስመሩ ቀስ ብሎ፣ ከአንድ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው ጥርት ብሎ የሚወጣው።

ሶዳውን ሁልጊዜ ወደ ውሃው ጨምር እንጂ ውሃ በሶዳ ላይ አታፍስ፤ ይፈላና ይረጫል። የአሉሚኒየም ድስት ወይም ትሪ በፍጹም አትጠቀም፣ ሶዳው አሉሚኒየምን ይበላል፣ የሚወጣውም ጋዝ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ነው። የፕላስቲክ ዕቃ፣ ጓንት፣ መነጽር።

አሁን ወደ ብርሃኑ። 30 ዲግሪ ማለት ከመሃል ወደ እያንዳንዱ ጎን 15 ዲግሪ ነው። በ4 ሴንቲሜትር ርቀት አንዱ ኤልኢዲ መስታወቱ ላይ የሚሠራው ክብ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የደረደርክበት ርቀትም 2 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ክቦቹ ጫፍ ለጫፍ ይነካካሉ እንጂ አይደራረቡም፤ በየክቡ መሃል የሚነድ ቦታ፣ በክቦቹ መካከል ደግሞ ጥላ አለ። የምታየው ክብ ክብ አበላል የኤልኢዲዎችህ ማኅተም ነው። ርቀቱን 12 ሴንቲሜትር ብታደርገው እያንዳንዱ ክብ ወደ 6 ሴንቲሜትር ተኩል ይሰፋል፣ አንድ ነጥብ ላይም ስምንት ያህል ኤልኢዲ ይደራረባል።

ጠርዙስ? ስድስቱ መስመር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 10 ሴንቲሜትር ነው፣ ቦርድህም 10 ሴንቲሜትር ነው። የቦርዱ ጫፍ የሚያርፈው ልክ በመጨረሻው መስመር ላይ ነው ማለት ነው። መሃል ያለው ነጥብ ከግራም ከቀኝም ጎረቤት አለው፤ ጠርዝ ያለው በአንድ በኩል ብቻ። በሌላው በኩል ያለው ጥቁር ግድግዳ ነው፣ ጥቁሩ ደግሞ የሚደርሰውን ሁሉ ይውጣል።

ብርሃን አልጎደለህም። እኩልነት ነው የጎደለህ። በዚህ ላይ ጠንካራ መብራት ብትገዛ መሃሉ የባሰ ይቃጠልብሃል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።


ባትሪ12 | ማክሰኞ ቀን 6፡20

ሐና፣ ከ4 ወደ 12 ሴንቲሜትር ከሄደ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሆነ። ብርሃን በርቀት ካሬ ነው የሚቀንሰው። ዘጠኝ እጥፍ ይደክማል ማለት ነው፤ አራት ደቂቃው 36 ደቂቃ ሊሆን ነው። ይኼ ምክር ነው?


ሐና_ላብ | ማክሰኞ ቀን 7፡00

ሕጉ ልክ ነው፣ ግን ለአንድ ነጥብ መብራት ነው። አንዱን ኤልኢዲ ለብቻው ብትወስድ አዎ፣ በዘጠኝ እጥፍ ይደክማል። ግን ያ ብርሃን የትም አልጠፋም፤ በዘጠኝ እጥፍ የሰፋ ቦታ ላይ ተበተነ እንጂ። በዚያው ቦታ ላይ ደግሞ የጎረቤቶቹም ብርሃን ተበትኖ ደረሰ። ሰፊ የመብራት ሰሌዳ ሲሆን የአንዱ መድከም በሌሎቹ መደራረብ ይካካሳል። የሚጠፋው በጎን የሚያመልጠው ብቻ ነው፤ እሱንም ግድግዳውን በመስታወት በመሸፈን ይመለሳል።

መዳብ_ወዳጅ፣ ጥቁሩን ቀለም አንሳ። ግድግዳውን ከመጨረሻው የኤልኢዲ መስመር 1 ሴንቲሜትር ብቻ አርቀህ አምጣና ፊት ማያ መስታወት ቆርጠህ ለጥፍበት። 1 ሴንቲሜትር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የኤልኢዲዎቹ ርቀት 2 ሴንቲሜትር ስለሆነ ግማሹ ላይ የቆመ መስታወት የሚያሳየው ምስል ልክ በ2 ሴንቲሜትር ላይ የሚቀጥል ሌላ መስመር ነው። ለቦርዱ ሰልፉ ማለቂያ የሌለው ይመስለዋል።


ጋሽ_ሞገድ | ማክሰኞ ማታ 1፡30

ልጆቼ፣ ይህን ስታወሩ ማየት ደስ ይለኛል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሬዲዮ ቴክኒሻን ነኝ። በእኛ ጊዜ ኤልኢዲ ቀርቶ ጥፍር ማድረቂያም አልነበረም፤ የምንሠራው ለመንገድ መብራት በሚሆን 125 ዋት የሜርኩሪ አምፖል ነበር። ከጣሪያ አንጠልጥለን ከ40 ሴንቲሜትር ርቀት እናበራ ነበር። ሜርኩሪ በባሕርዩ የሚሰጣቸው ጉልህ መስመሮች አሉት፤ 365፣ 405 እና 436 ናኖሜትር። እነዚህ ቅቦች ከመጀመሪያውም የተበጁት ለሜርኩሪ መብራት ነው፤ ዛሬ እናንተ በ395ና በ405 ኤልኢዲ የምትሠሩት ቅቡ በዚያ መካከል ስለሚሰማ ነው።

ሜርኩሪ እስኪሞቅ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። አጥፍተህ ወዲያው ብታበራው አይነሳም፣ መቀዝቀዝ አለበት። ስለዚህ መብራቱን አንዴ ለኩሰን የብርሃኑን ጊዜ የምንቆጥረው በካርቶን መከለያ ነበር።

አሁን ልብ በሉልኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብርሃኑ እንዲበረታ ብሎ የውጭውን ብርጭቆ ሰብሮ ውስጠኛዋን ቱቦ ብቻ አበራት። አብሬው ቆሜ ሩብ ሰዓት ያህል ሠራን። ቀን ምንም አልተሰማኝም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ሆኖ ነቃሁ። እንባዬ ይፈሳል፣ መግለጥ አልችልም። ሁለት ቀን ሙሉ በጨለማ ክፍል ተኛሁ። የውጭው ብርጭቆ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ አደገኛውን አጭር ሞገድ የሚያስቀረው እሱ ነው። ይህን ማንም እንዳይሞክር እለምናለሁ።


አዲስ_ገቢ | ማክሰኞ ማታ 3፡10

ጋሼ ይቅርታ፣ ልክ በሰዓቱ ነው የተናገሩት። እኔ በኮሮና ጊዜ ክፍል ለማጽዳት የተገዛ የዩቪ መብራት አለኝ፣ ጀርም ይገድላል የሚባለው። በእሱ ቦርድ ልሞክር ነበር። ይሆናል?


ጋሽ_ሞገድ | ማክሰኞ ማታ 3፡25

አይሆንም ልጄ። ያ 254 ናኖሜትር ነው፤ ለቆዳና ለዓይን አደገኛው እሱ ነው። በዚያ ላይ ለሥራውም አይጠቅምህም። በቦርዱ ላይ የምትጭነው ተራ መስታወት ያንን ሞገድ አያሳልፈውም፣ ስለዚህ አንተን ያቃጥልሃል እንጂ ቅቡ ጋ አይደርስም። ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጠው።


ከሜሪላንድ | ማክሰኞ ማታ 4፡00

መስታወት ከተነሳ፦ ተራ የመስኮት መስታወት 365ትንም 395ትንም በደንብ ያሳልፋል። የመኪና የፊት መስታወት ግን በሁለት መስታወት መካከል ፕላስቲክ ስላለው ዩቪን ያስቀራል፣ አትጠቀሙበት። ፕሌክሲግላስም እንደ ዓይነቱ ነው፤ ፀሐይ እንዳያበላሸው ታስቦ የተሠራው 365ትን ይይዘዋል።


ሐዋሳ_ስክሪን | ረቡዕ ጠዋት 2፡00

እኔ የቲሸርት ማተሚያ ቤት ነው ያለኝ፣ ቦርድ የምሠራው ለራሴ ማሽኖች ጥገና ነው። ለስክሪኑም ለቦርዱም የምጠቀመው አንድ መብራት ነው፤ ፀሐይ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ዩቪ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እኛ ደግሞ ደጋ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቀርበን የምንኖር ሰዎች ነን። ከእጅ ያለ ወርቅ ነው።

ግን ፀሐይ ላይ ዝም ብላችሁ ቦርድ አታስጡ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ከፀሐይዋ ቀጥታ የሚመጣው ብርሃን አንድ አቅጣጫ ስላለው የፊልሙን ጥላ ስለት አድርጎ ነው የሚጥለው። ከሰማዩ ሰማያዊነት የሚመጣው ዩቪ ግን ከየአቅጣጫው ነው፣ መጠኑም ቀላል አይደለም። እሱ ነው መስመሩን ከሥር የሚያቀጥነው። ስለዚህ ጥልቅ ካርቶን ውስጡን ጥቁር ቀብቼ፣ ቦርዱን ከታች አስቀምጬ፣ ካርቶኑን ወደ ፀሐይ አዘነብለዋለሁ። ጥላው ከካርቶኑ ግድግዳ ላይ ሲጠፋ ልክ ፀሐይዋን ገጥሟል ማለት ነው። ከሰማዩ የሚታየው ትንሽ ቁራጭ ብቻ ይሆናል። እዚህ ጋ ጥቁር ቀለም ይጠቅማል፤ በሐና ሳጥን ውስጥ ይጎዳል። ሥራቸው ለየቅል ነው።

የምሠራው ከ5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው ነው። ሌላ ሰዓት ከሆነ ጊዜው ይለዋወጣል። ሐምሌና ነሐሴ አልነካውም፤ ደመና እየመጣ እየሄደ ቆጠራውን ያበላሻል። ቦርዱ ደግሞ መስታወት ሥር ይሞቃል፤ ድራይ ፊልም (በቦርድ ላይ የሚለጠፍ፣ ብርሃን የሚነካው ስስ ፕላስቲክ) ከሆነ ለስልሶ ከትራንስፓረንሲው ጋር ይጣበቃል። ለዚህ ብዬ ቦርዱን አስቀድሜ ጥላ ውስጥ አቀዘቅዘዋለሁ።


ድሬ_ሶልደር | ረቡዕ ጠዋት 4፡15

ሙቀት ካላችሁ እኔ ድሬዳዋ ነኝ። እዚህ ቀን ላይ የቧንቧው ውሃ ራሱ ሞቆ ነው የሚመጣው። ሐና የጻፈችው 10 ግራም እኛ ጋ ይበዛል፤ ሶዳው በሞቀ ቁጥር ይፈጥናል። እኔ በ7 ግራም በጠዋት ወይም በማታ ነው የማጥበው። ቀን ግድ ከሆነ ትሪውን በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ደግሞም ለመለማመድ ሰባቱን ውድ ቦርድ አትጨርስ። ድራይ ፊልም ርካሽ ነው፣ በተራ የመዳብ ቦርድ ላይ ታለጥፈዋለህ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው መታወቂያ የሚለብጡበት ማሽን ሁለት ሦስት ጊዜ ካሳለፍከው ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ብቻ ነጋቲቭ ነው፤ ብርሃን ያገኘው ይጠነክራል፣ ያላገኘው ይታጠባል፣ ስለዚህ የሥዕልህን ጥቁር ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርገህ ታትማለህ። የሚታጠበውም በኮስቲክ ሶዳ ሳይሆን በሶዲየም ካርቦኔት ነው፣ በሊትር 10 ግራም። እሱ ከጠፋ የዳቦ ሶዳ በደረቅ ብረት ምጣድ ላይ በደንብ ቁላው፤ ውሃውና ጋዙ ወጥቶ የሚቀረው እሱ ነው።


መዳብ_ወዳጅ | ሐሙስ ማታ 1፡45

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን ሳጥኑን ፈትቼ ስሠራ ነበር፣ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ከመፍታቴ በፊት አንድ ነገር ሞከርኩ። ክፍሉን አጨልሜ ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርግቼ ሳጥኑን አበራሁ። ወረቀቱ ለዩቪ ሰማያዊ ያበራል። በስልክ ካሜራ፣ ብርሃኑን ቀንሼ ሳየው ኤልኢዲዎቹ እያንዳንዳቸው እንደ ሳንቲም ተለይተው ታዩ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሳንቲም ጠፍቷል። ከሦስቱ አንዱ በደንብ አልተበየደም ነበር፤ ተከታታይ ስለሆኑ ሦስቱም አልበሩም። በዓይን ሳይ ሁሉም የበራ መስሎኝ ነበር። ከአሮጌ ካልኩሌተር የፀሐይ ሕዋስ አውጥቼ፣ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ትቼላት፣ በመልቲሜትር ለካሁ። መሃሉን 100 ብንለው ጥጉ 38 ሆነ።

ከዚያ ሳጥኑን ወደ 12 ሴንቲሜትር ከፍ አደረግኩ። ምናለሽ ተራ የሚሠራ ወዳጄ የተሰበረ ስካነር ላከልኝና መስታወቱንና ክዳኑን ወሰድኩ፤ ክዳኑ ከሥሩ ስፖንጅ ስላለው ፊልሙን ከቦርዱ ጋር በእኩል ይጫነዋል። ግድግዳውን ሐና እንዳለችው በ1 ሴንቲሜትር አቀረብኩ፣ መስታወት ቆራጭ ጋ ሄጄ አራት ቁራጭ ፊት ማያ አሠራሁ። ሲበራ ወደ ውስጥ ሳይ መጨረሻ የሌለው የወይን ጠጅ መብራት ሰልፍ ነው። በመነጽር ነው ያየሁት ጋሼ፣ አይቆጡኝ። የፍሪጅ በር ስዊችም ገጠምኩለት፤ ክዳኑ ሲነሳ ራሱ ይጠፋል።

እንደገና ስለካው፣ መሃል 100፣ ጥግ 86።


ጋሽ_ሞገድ | ሐሙስ ማታ 2፡10

እንዴት እቆጣሃለሁ፣ ልጄ፣ ስዊቿ ኮራሁባት። የ395ቱ ብርሃን ለዓይን ደብዛዛ ስለሚመስል የዓይን ብሌን አይጠብም፤ ስለዚህ ብዙ ሳይሰማህ ይገባል። ክዳን ሲነሳ መጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ቦርድ ከማስገባትህ በፊት ጊዜውን ለካ። በአቦ ሰጡኝ አራት ደቂቃ ብለህ እንዳትጀምር።


መዳብ_ወዳጅ | ዓርብ ማታ 3፡30

ለካሁ ጋሼ። ከተበላሸው ቦርድ ላይ ቅቡ ያልተነካበትን 2 በ10 ሴንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ቆረጥኩ። ትራንስፓረንሲ አድርጌበት በወፍራም ካርቶን ሸፈንኩና በየ30 ሰከንዱ ካርቶኑን 1 ሴንቲሜትር ወደኋላ ጎተትኩ። ስለዚህ አንዱ ጫፍ 5 ደቂቃ፣ ሌላው ጫፍ 30 ሰከንድ ብርሃን አገኘ። ሶዳውን በትንሽ የወርቅ ሚዛን መዝኜ በሊትር 8 ግራም አደረግኩ። ሁሉንም እኩል አንድ ደቂቃ ተኩል አጠብኩ።

በቁራጩ ላይ እንደ መሰላል ሆኖ ወጣ። እስከ 3 ደቂቃ ድረስ ቅቡ በትንሹም ቢሆን ይቀራል፣ መዳቡ ላይ ቡናማ ጭጋግ ያለ ይመስላል። 3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ላይ መዳቡ ጥርት አለ። አስገራሚው 5 ደቂቃ ያገኘው ጫፍ ነው፤ ጥቁር መሆን ያለበት መስመር ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ታየ። ቶነሩ ነው ብርሃን የሚያሳልፈው።


ሐና_ላብ | ዓርብ ማታ 4፡05

በጣም ጥሩ። ጥርት ካለበት ጊዜ ላይ አንድ አምስተኛ ጨምር፤ 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ አትለፍ።

የቶነሩ ቀዳዳ ያው የሁላችን ችግር ነው። ሌዘር ፕሪንተር ጥቁሩን ሙሉ አይሞላም። ሁለት ትራንስፓረንሲ አትመህ በማጉያ መነጽር አገጣጥመህ የስንጥር ጫፍ በምታክል የሙጫ ጠብታ ጥግ ጥጉን አጣብቅ። ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ ላይ የመግጠም ዕድላቸው ትንሽ ነው። ሌላው፣ ሥዕሉን በመስታወት እንደሚታይ ግራ ቀኙን ገልብጠህ አትም፤ ቶነሩ ያለበት ፊት ቅቡን ይንካ። ካልሆነ የፕላስቲኩ ውፍረት፣ 0.1 ሚሊሜትር ያህል፣ በመካከል ይገባል፣ በ15 ዲግሪ የሚመጣ ብርሃንም በየጎኑ 0.03 ሚሊሜትር ገደማ ይሰርቅሃል። 0.2 ሚሊሜትር መስመር ላይ ይኼ ቀላል አይደለም።


ባትሪ12 | ዓርብ ማታ 4፡20

ሐና፣ ስለ ርቀቱ የጻፍሽው ልክ ነበር፤ 36 ደቂቃ አልሆነም። እኔም የጥፍር መብራቴን ፈትቼ ጠፍጣፋ ላድርገው ነው።


መዳብ_ወዳጅ | እሑድ ቀን 8፡00

ትናንት ማታ ቦርዱን አስገብቼ ሁለት ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ደነገጥኩ፣ ግን ክዳኑን አልነካሁትም። የሞተር ሳይክል ባትሪ ከአዳፕተሩ ቦታ ላይ አገናኝቼ የቀረውን ሁለት ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ጨረስኩ። ሞተሩን አላስነሳሁም፤ እየሞላ ከሆነ ቮልቱ ወደ 14 ወጥቶ በ120 ኦም ኤልኢዲዎቹን ይጎዳቸዋል።

በስምንት ግራሙ ሶዳ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ሠላሳ ሰከንድ ላይ መስመሮቹ መሬት ላይ እንደሚወጣ ሣር ቀስ ብለው ታዩ። አንድ ደቂቃ ከሃያ ላይ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ፌሪክ ክሎራይዱ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ። አራቱም ጥግ አንድ ዓይነት ነው። የቺፑን እግሮች በማጉያ ቆጠርኳቸው፣ አንዱም ከአንዱ አልተነካካም። በመልቲሜትር ከጫፍ ጫፍ ፈተሽኩ፣ የተበጠሰ መስመር የለም።

ስድስት ቦርድ ይቀረኛል። ሐዋሳ_ስክሪን፣ የካርቶንህን ጥልቀት ብትነግረኝ፤ ሁለት ገጽ ያለውን ቦርድ በፀሐይ ልሞክረው ነው።


ሐዋሳ_ስክሪን | እሑድ ማታ 12፡40

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ጥልቀቱ 60፣ አፉ 25 በ25 ሴንቲሜትር ነው። ሁለት ገጽ ከሆነ ሁለቱን ፊልም እንደ ፖስታ ሦስት ጎኑን አጣብቀህ ቦርዱን መካከል አስገባው፣ ከዚያ ስትገለብጠው አይንሸራተትብህም። ሁለቱም ወገን እኩል ሰከንድ ይሁን፣ ደመና ካለ ግን ለነገ አሳድረው።